ጋሼ ሳህሌን ይዞ ቬኒስ መሄድ

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ጋሼ እሺ አሉ። በስልክ፣ ያውም "እስቲ ይሁን" ብለው ነው ያሉት። ግን ከመስከረም ወዲህ "ይሁን" የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ለሚያዝያ ሠላሳ፣ ለማርቆስ፣ ቬኒስ እንሄዳለን።

ነገ ሕልም እንዳይመስለኝ ከሥሩ ልጻፈው። ጋሼ ሳህሌ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። እናታችን ስታርፍ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ በኋላም ወደ አሜሪካ ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። ኦክላንድ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተዋል። መስከረም ላይ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። አሁን ሳን ሆዜ፣ ልጃቸው መቅዲ ጋ ናቸው። ቴራፒ አልሄድም፣ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም፣ መጋረጃውን አትክፈቱብኝ። በቃ ይኸው ነው ኑሯቸው።

የተጠመቁት ስድስት ኪሎ ማርቆስ ነው። ወር በገባ በሠላሳ ሥራ አይገቡም ነበር። "የማርቆስ አፅም ቬኒስ ነው ያለው፤ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ በአሳማ ሥጋ ሸፍነው አወጡት አሉ፤ ፈታሹ አፍንጫውን ይዞ አሳለፋቸው" እያሉ ለተሳፋሪው ሁሉ ያወሩ ነበር። ባለፈው ሳምንት ትራሳቸውን ሳስተካክል "ለምን ሄደን አናየውም?" አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ።

ዛሬ እሺ ሲሉ አንድ ነገር ጨመሩ። "በእግሬ ከሆነ ነው። ዊልቸር ላይ ተጎልቼ፣ እየተገፋሁ፣ ማርቆስ ፊት አልቀርብም።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ።


የካቲት 12፣ ሐሙስ

ሥራዬ ኦክላንድ ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ነው። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ትምህርት ቤቴ ከአውሮፕላኑ በር እስከ ሰውየው መኪና ያለው መንገድ ነው። እንግሊዝኛውን እዚያ ለቀምኩ። ካርታ ማንበብ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ጥሎት ከሄደው ካርታ ተማርኩ። የት ከተማ ዝናብ መቼ እንደሚጥል፣ የት አገር ቧንቧ ውሃው እንደሚጠጣ አውቃለሁ። ሰው ከኋላው ላለ ሰው ብዙ ያወራል።

ዛሬ አንድ ሽማግሌ ቁርጭምጭሚቱ በጄሶ ታስሮ መጣ። የት ተሰበሩ ብዬ ስጠይቀው "ቬኒስ!" አለኝ፣ ሽልማት የተቀበለ ይመስል። ድልድይ ላይ ነው የወደቀው። እዚያ ድልድይ ሁሉ ደረጃ ነው አለኝ። መኪና የለም፣ ብስክሌት የለም፣ ከውሃ በቀር መንገድ የለም።

ለደከመ ሰው ከዓለም ከተማ ሁሉ መርጬ ያመጣሁት ደረጃ ነው።

መኪናው ጋ ስንደርስ ግን ሌላም ነገር ነገረኝ። በትልቁ ቦይ የሚመላለሰው አንድ ቁጥር ጀልባ ዊልቸር ይጭናል፤ መሳፈሪያውና ጀልባው ይገጥማሉ። ከጀልባ ወደ ጀልባ የሚሄድ ሰው ድልድይ ላይነካ ይችላል። ጉርሻውን እምቢ ብዬ "ስለ ጀልባው እንደገና ንገረኝ" አልኩት። መኪና ይዛ የምትጠብቀው ሚስቱ ሳቀች።


የካቲት 22፣ እሑድ

ሳን ሆዜ ዋልኩ። ሽሮ ይዤ ነበር፤ ጋሼ ጥቂት ቀመሱ። ዕቃ ሳጥብ ከጓዳ ሰማኋቸው። መቅዲ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፤ እሳቸው በአማርኛ ይመልሳሉ።

"አባ፣ ያን ያህል መራመድ አትችልም። ደግሞ እሷ የምትሠራው ይህንኑ ነው። በዚህ ሥራ ከአክስቴ የሚበልጥ ሰው ከየት ይገኛል?"

"ያሳደግኳት ልትገፋኝ አይደለም።"

"ሰው ሁሉ ትገፋ የለም እንዴ?"

"እሱንም ቢሆን መች ወደድኩት!"

ቧንቧውን ከፈትኩት። ይህን ልሰማ አልፈለግሁም። ስወጣ ስስማቸው ግንባሬን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ።

መቅዲ መኪና ድረስ ሸኘችኝ። ሬድውድ ሲቲ ያለው መሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ስለማይሰጣት አብራን አትሄድም። እንዲህም ሆኖ ከጀልባው መውረጃ ሳይርቅ፣ ምድር ቤት ላይ አልጋ ያለው ሆቴል አግኝታለች። የሐኪም ደብዳቤም ታስጽፋለች። እኔ ደብዳቤው ትዝም አላለኝ። "አንቲ፣ ፈርቻለሁ" አለችኝ። እኔም ፈርቻለሁ አላልኳትም።


መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

በእረፍት ሰዓት። ከተሳፋሪዎች የለቀምኩትን፣ ቶሎ ቶሎ።

አዲስ ጫማ ይዞ መሄድ ስሕተት ነው፤ ከወር በፊት ቤት ውስጥ ይለመድ።

ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ቦርሳ አያስገባም። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ለዚህስ ነጠላ አለን፤ ፈረንጆቹ በር ላይ ሻርፕ ሲፈልጉ ነው የሚውሉት አሉ።

ጠዋት በጠዋት መውጣት። ረፋድ ላይ ከትልልቅ መርከቦች ሰው ይፈሳል።

ሽንት ቤት ባገኙበት መጠቀም እንጂ "ቆይ ሲመጣ" ማለት የለም።

ጋሼ ቴራፒ ሄዱ! መቅዲ ቪዲዮ ላከችልኝ። የመለማመጃውን ብረት በግራ እጃቸው ይዘው ሲቆሙ። ለሥራ ባልደረባዬ ለምሥጢር አሳየኋት፤ "ወንድምሽ ቁመናው!" አለች። ቀኑን ሙሉ ደረቴ ተነፍቶ ዋለ።


መጋቢት 13፣ እሑድ

ጋሼን በብዙ ልመና አንድ ነገር አስማማኋቸው። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ብቻ ዊልቸር ላይ ይቀመጣሉ፤ እዚያ ጤነኛውም ይቀመጣል። ለዚያ ደግሞ ልምምድ ያስፈልጋል። "ኦክላንድ አይሆንም፣ ሐበሻ አለ። ሳን ሆዜም አለ" አሉ። ከዚያ ራሳቸው መረጡ፦ "ዳብሊን። ባቡሩ፣ ባርቱ፣ የሚያልቅበት። እዚያ ማን ያውቀኛል?"

እኔ ከቅዳሴ ስመለስ ሄጄ ወሰድኳቸው። እዚያ ያሉት ቢሮዎች እሑድ ዝግ ናቸው፤ መኪና ማቆሚያው ሜዳ ነው። አንድ ዙር ገፋኋቸው። ሁለተኛውን ስንጀምር ከኋላችን፣

"ሳህሌ! አንተ ነህ እንዴ?"

ጌታቸው ነው፣ የድሮ የታክሲ ጓደኛቸው። ልጁ ዳብሊን ቤት ገዝቶ አብሮት ገብቷል። በስፖርት ቱታ ላብ በላብ ሆኗል። "ስኳሬን እያሯሯጥኩት ነው" አለ። ከዚያ ዊልቸሩን አየ።

ጋሼ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "የእህቴ መሥሪያ ቤት አዲስ ወንበር ሊገዛ ነው። እየሞከርኩላት ነው።"

ጌታቸው የጋሼን ቀኝ እጅ አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ መንበርከክ ያህል ጎንበስ ብሎ ጎማውን መታ መታ አደረገው። "ታዲያ እንዴት ናት? ትሄዳለች?"

"ትንሽ ወደ ግራ ትስባለች።"

"የጎማ አላይመንት ትፈልጋለቻ! ውረድ እስቲ፣ እኔም ልሞክራት።"

ጋሼ የመብራቱን ምሰሶ በግራ እጃቸው ይዘው ቆሙ። ጌታቸው ተቀመጠ። ሜዳውን አዞርኩት። "ወይ ጉድ!" ይላል፣ "ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ጭኜ ተሳፋሪ ሆኜ አላውቅም! እህቴ፣ ኩርባ ላይ እንኳ አትነቀንቂም!" ጋሼ ቆመው ያዩናል። የቆሙበት ጊዜ ቴራፒስቷ ካዘዘችው በላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን መቆሙን ወደውት ነበርና እኔም ጌታቸውም ቀስ አልን።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣

"አወቀ" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"ውሸቴን ግን አልጣለብኝም።"

"አልጣሉብዎትም።"

"ጨዋ ነው፤ ድሮም" አሉና መስኮቱን ከፈቱት።


መጋቢት 24፣ ሐሙስ

የቬኒስ ሴት ገፋሁ። የእውነት የቬኒስ ሰው፣ ልጇን ልትጠይቅ የመጣች። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ። ለማርቆስ በዓል ልንመጣ ነው አልኳት። "መቼ?" አለች። ሜይ ስምንት አልኳት፣ የእኛን ሚያዝያ ሠላሳ።

"የእኔ እመቤት" አለችኝ፣ "የእኛ ማርቆስ ኤፕሪል ሃያ አምስት ነው። ሜይ ስምንት እዚያ ምንም የለም። ተራ ዓርብ ነው።"

ቲኬቱ ተቆርጧል። ሆቴሉ ተይዟል።

ሚያዝያ ሠላሳ ማርቆስ ነው፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። የእነሱ ቀን ከእኛ ይለያል ብዬ ለምን አላሰብኩም? ፋሲካ ሲለያይ በየዓመቱ አያለሁ። ገና ሲለያይ አያለሁ። እኔ አሳሳችዋ፣ እኔ ሁሉን ለቅሜያለሁ ባይዋ።


መጋቢት 28፣ ሰኞ

ሕማማት ገባ። ሰላምታ የለም፣ መሳሳም የለም። ተመቸኝ። ሳን ሆዜ ብሄድም ፊታቸውን ሳላይ ስግደቴን ሰግጄ መመለስ እችላለሁ። አልነገርኳቸውም። ትናንትም ልነግራቸው ብዬ ስለ ካልሲ አወራሁ። የሚያጠብቅ ካልሲ ለአውሮፕላን ጥሩ ነው። እውነት ነው፣ ግን የሄድኩት ለካልሲ አልነበረም።


ሚያዝያ 5፣ ሰኞ

በፋሲካ ማግስት ነገርኳቸው። ዶሮውን እየበሉ ስለነበር ጨካኝ ነኝ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ሃያ አምስት አለች?"

"አዎ ጋሼ። ለእኛ ሚያዝያ ዐሥራ ሰባት መሆኑ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ነኝ ያላጣራሁት።"

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ደነገጥኩ፤ መቅዲም ብድግ አለች። ለካ ሳቅ ነው። እንባቸው እስኪወርድ። "እነሱ እኮ ናቸው የቸኮሉት! ማርቆስ ቀኑን ያውቃል። እንግዳው ሁሉ ከሄደለት በኋላ ቤቱ ሲፀዳ ነው የምንደርሰው።"

ከስትሮኩ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም። ስሕተቴ ነው ያሳቃቸው። ይሁን።


ሚያዝያ 10፣ ቅዳሜ

ወደቁ። ያለ ረዳት ልለማመድ ብለው፣ መታጠቢያ ቤት ደጃፍ ላይ። አጥንት አልተነካም። ግን "ይቅር" አሉ። መቅዲ ዓይኗ አብጦ "ካንስል አድርጊው፣ አንቲ" አለችኝ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "በዊልቸር እንሂድ ጋሼ። እኔ እወስድዎታለሁ።"

"አልኩሽ እኮ! አንቺን እዚህ ያመጣሁሽ ልትማሪ ነበር። ኮሌጅ ልትገቢ። እኔ አልቻልኩም፣ ሌሊት ስነዳ ቀን ስተኛ ዘመኑ አለፈ። ሰው እየገፋሽ እንድታረጂ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ደግሞ በመጨረሻ እኔን ጨምሬ ላስገፋሽ?"

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ድምፄ ወጣ። መቅዲ ከሳሎን መጣች።

"ተምሬያለሁ! ማን አልተማርሽም አለኝ? ሥራዬን አይተውት ያውቃሉ? አንድ ቀን? ሳያዩት ነው የሚያዝኑልኝ። መጥተው ይዩት፣ ካዩ በኋላ ይዘኑልኝ።"

ከዚያ አለቀስኩ። ታላቄ ላይ ጮህኩ። አሁንም ያሳፍረኛል። ግን የተናገርኩትን አልመልሰውም።


ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

መጡ።

መቅዲ ጠዋት አድርሳቸው ወደ ሥራዋ ሄደች። ከዘራቸውን ይዘው፣ ኮት ለብሰው፣ ሻንጣው የሚዞርበት አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ምሥጢር ውሃ ወሰደችላቸው። እኔ ሥራዬን ሠራሁ። ተሳፋሪ ይዤ በመጣሁ ቁጥር በጎን አያቸዋለሁ። እጆቼን ነው የሚያዩት።

ፍሩትቬል ሰፈር የሚኖረው ሽማግሌ መጣ፣ ሁልጊዜ እኔን የሚጠይቀው። በወንበር መገፋት የምትፈራ ሴትም ነበረች፤ ሕፃን ልጅ እንደተኛበት ጋሪ ቀስ አድርጌ አወጣኋት። ወደ መኪና ማቆሚያው ቁልቁለት ስደርስ ወንበሩን አዞርኩና በጀርባ ወረድን።

በእረፍቴ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገና ሳልተነፍስ፣

"ቁልቁለቱ ላይ ለምን ታዞሪያቸዋለሽ?"

"ፊት ለፊት ከወረዱ ክብደታቸው ወደፊት ያዳፋቸዋል። በጀርባ ሲሆን እኔ ነኝ ፍሬኑ።"

"በሪቨርስ።"

"በሪቨርስ።"

አሰቡበት። "እዚያ ጋ፣ ምንጣፉ የሚጀምርበት፣ ከመድረስሽ በፊት ትቀንሻለሽ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው አያውቅም።"

"እንዳያውቅ ነው።"

"የጥሩ ሾፌር ተሳፋሪ ፍሬን አይሰማውም" አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። "እኔ እኮ ገፊ ነበር የመሰለኝ። ሾፌር ነሽ።"

ሌላ ተሳፋሪ ደረሰ። ጠሩኝና ሄድኩ። መንገዱን በሙሉ ተሳፋሪዬ የምትለኝን አልሰማሁም።


ሚያዝያ 27፣ ማክሰኞ

ዛሬ ማታ በረራ፤ ጋሼ በወንበሩ እንሂድ ብለዋል። መድኃኒት በእጅ ቦርሳ፤ መቅዲ በየቀኑ ለያይታ አሽጋዋለች። የሐኪም ደብዳቤ። ቀላሉ ታጣፊ ወንበር፤ እሱንም መቅዲ ናት ያገኘችው። ባትሪ ያለውን እፈልግ ነበር፤ አውሮፕላን ላይ ጣጣ አለው ብላ ከለከለችኝ፤ ልክ ናት። ሁለት ነጠላ። ስሜን የጻፍኩበት ወረቀት በጋሼ ኪስ። የጋሼም በእኔ።


ሚያዝያ 30፣ ዓርብ። ማርቆስ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደርሰን ወደ ሆቴሉ ተመልሰናል፤ ጋሼ ተኝተዋል። ሁሉን ልጻፍ።

ጠዋት አንድ ቁጥር ጀልባ ያዝን። ልክ እንደተባለው ወንበሩ ያለ ችግር ገባ። ሠራተኛው ሊረዳኝ እጀታውን ሲይዝ ጋሼ በአማርኛ "ተው፣ ሾፌር አለኝ" አሉት፤ ገባው መሰለኝ ለቀቀ። ማርቆስ አደባባይ ስንወርድ ሰው ሁሉ በውሃው ዳር ይሄዳል፤ በዚያ በኩል ትንሽ ድልድይ አለ። ወደ ውስጥ በሚያስገባው ጠባብ መንገድ ከሄዱ ግን ድልድይ የለም። ይህን ከአንዲት ተሳፋሪ ነው የሰማሁት፤ እስካይ ድረስ አላመንኩም ነበር። ጋሼ ከፊት ሆነው ይመሩኛል። "ቀኝ ያዢ። ፎቶ አንሺው ይሻገር። አሁን ሂጂ።" የማያውቁትን ከተማ እንዲህ የሚመራ ሰው አላየሁም።

ነጭ የለበስን እኛ ብቻ ነበርን። በዓል የለም፣ ዝማሬ የለም፣ ሴትየዋ እንዳለችው ተራ ዓርብ ነው። ውስጡ ግን ጣሪያው ሁሉ ወርቅ ነው። ወለሉን ማንም አልነገረኝም ነበር። ከትንንሽ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ከዘመን ብዛት ሰምጦና ተነሥቶ ማዕበል ሆኗል። በእግር የሚሄደው ሰው ላያውቀው ይችላል፤ እኔ በእጄ ሰማሁት። ወጣ፣ ወረድ፣ ወደ ግራ ዘንበል። የፊት ጎማውን አቅልዬ፣ ማዕበሉን እየተከተልኩ ወሰድኳቸው። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ ገፍቼ አላውቅም። ጋሼ አንድም ጊዜ አልተንገጫገጩም። ሽቅብ እያዩ ነበር።

አፅሙ ያለበት መንበር ፊት ስንደርስ ከመንገድ ወጣ አድርጌ አቆምኳቸው። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው አንሥተው አማተቡ። እኔም የምጸልየው ብዙ ነበረኝ፤ የወጣልኝ ግን "እነሆ አመጣሁልህ" የሚል ብቻ ነው።

ስንወጣ ከአደባባዩ ጀርባ አንድ ድልድይ አዩና "አቁሚ" አሉ።

"ሌላ መንገድ አለ ጋሼ፣ ያለ ድልድይ።"

"አውቃለሁ። ቤይ ብሪጅን ስሻገር ነው የኖርኩት። ድልድይ ከተማ መጥቼ ሳልሻገር አልመለስም።"

ቆሙ። ግራ እጃቸው መደገፊያው ላይ፣ ቀኝ ክንዳቸው በእኔ ትከሻ። ወንበሩን አጣጥፌ በሌላ እጄ ይዣለሁ። ደረጃ በደረጃ። ሰው በግራና በቀኝ ያልፈናል። አናቱ ላይ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። በዚህ ጊዜ ዝም ማለት እችልበታለሁ።

"የወርቄ" አሉ በልጅነቴ መጠሪያ፣ "ወንበሬን ዘርጊልኝ።"

ድልድዩ አናት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ተቀመጡ። ጎንዶላ ከሥራችን አለፈ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ለረጅም ጊዜ ውሃውን ሲያዩ ቆዩ። ለመውረድ እንደገና ተነሡ፤ ታች ስንደርስ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ራሳቸው ተመልሰው ተቀመጡ። "ንጂ" አሉ።


ግንቦት 9፣ እሑድ

ጋሼ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን መጡ። በዊልቸር፣ በዋናው በር። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው ከበባቸው። ጌታቸው "አላይመንቷ ተስተካከለ?" ብሎ ቀለደ።

አብራን የምታስቀድሰው ትርፌ እናቷን ለክረምት ወደ ቬኒስ ልትወስድ ስላሰበች እኔ ጋ መጣች። "እስቲ ምክርሽን ንገሪኝ፣ ምን ልያዝ?" አለችኝ።

"መጀመሪያ ጫማ..." ብዬ ስጀምር ጋሼ ከወዲያ አቋረጡኝ።

"ጫማውን ተዪው። ወንበር ያዢ! በእግሩ የሚሄድ ሰው እንዳይወድቅ እግሩን ሲያይ ይውላል። እኔ ጣሪያውን አየሁ።"

"እሺ ጋሽ ሳህሌ፣ ወንበር እይዛለሁ። ማን ይገፋታል ታዲያ? እኔ አልችልበትም።"

ጋሼ በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ወደዚህ ነይና አሁኑኑ ያዢያት። ቀን የላትም፤ ሰው ተሰልፎላታል።"

ትርፌ ደንገጥ ብላ ስልኳን አወጣችና ክረምቱን ትጠይቀኝ ጀመር። ቀንስ ነበረኝ። ውሸታቸውን ግን አልጣልኩባቸውም።